ለቤት ኔትወርክ የትኛው ኬብል? ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 6ኤ እና ሌሎቹ ሲነጻጸሩ

አያት አካባቢ የወላጆቼን ቤት ስንሠራ፣ ልስን ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ኤሌክትሪሺያኑ ደወለልኝ። «የኢንተርኔቱን ኬብል ዛሬ ካላመጣህ ግድግዳው ይዘጋል» አለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣልኝን ካርቶን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ካት 6» ተብሎ ተጽፏል፤ ካት (ካቴጎሪ) የኬብሉ ደረጃ ማለት ነው። ዋጋው ከጠበቅኩት ያነሰ ስለነበር ደስ አለኝ። ቱቦ ስላልተዘረጋ ኬብሉ በቀጥታ ልስኑ ውስጥ ተቀበረ።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። የእህቴ ክፍል መስመር መጀመሪያ ፍጥነቱ ወረደ። ቀጥሎ መጣ ሄደ ይል ጀመር። በመጨረሻ ጭራሽ ጠፋ። ሶኬቱን ፈትተን ሽቦውን ስንነካው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በምላጭ ስንፍቀው ከላይ የመዳብ ቀለም ነው፣ ከውስጥ ግን ነጭ አሉሚኒየም። መስመሩን ለመቀየር ቀለም የተቀባው ግድግዳ እንደገና ተፈለፈለ። አባቴ አቧራውን እያየ ዝም ብሎ ቆመ። ያ ዝምታው እስካሁን ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ የዘመድም የጓደኛም ቤት ሲሠራ ኬብል መረጣው ላይ አለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቁጥሩ ነው፦ «5 ይሻላል ወይስ 6? 7 አለ፣ 8ም አለ ይላሉ።» ቁጥሩ ዋጋ አለው፣ አልክድም። ግን ከቁጥሩ በፊት ሁለት ነገር ይቀድማል። አንደኛው በሽቦው ውስጥ ያለው ብረት ምንድነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ኬብሉ የሚያልፍበት ቱቦ ነው። ይህን መመሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት።

## ዋይፋይ እያለ ኬብል ለምን?

የእኛ ቤት ግድግዳ ብሎኬት ነው። በፎቆች መካከል ያለው ሶሌታ ደግሞ በፌሮ የተሞላ ኮንክሪት ነው። የዋይፋይ ምልክት አንድ ሶሌታ አልፎ ሁለት ግድግዳ ከተሻገረ ብዙ አይተርፈውም። በተለይ ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ምልክት ቶሎ ይደክማል። ምድር ቤት ያለው ራውተር ላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ድረስ ሙሉ ጉልበቱን አያደርስም።

ኬብል ዋይፋይን አያስቀርም። ስልክ መቼም በገመድ አይሠራም። ኬብሉ የሚጠቅመው ዋይፋይ ማሰራጫውን ወደ ሰዎቹ ለማስጠጋት ነው። ቴሌቪዥን፣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርና የደኅንነት ካሜራ ደግሞ ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ በኬብል ይሂዱ። እነሱ ከአየሩ ሲወጡ ለስልኮቹ ቦታ ይለቃሉ።

## በምን እንመዝናቸው?

ብረቱ። ሙሉ መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም? ይህን ያላለፈ ኬብል ወደ ሌላው መመዘኛ አይገባም።

ፍጥነት ከርቀት ጋር። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያሳስታል። አንድ ኬብል በ30 ሜትር የሚችለውን በ100 ሜትር ላይችል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የቤታችሁን ርቀት ለኩ። ሦስት ፎቅ ያለው ቤት ውሰዱ። ቁመቱ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ጎን ሌላ 15 ሜትር ጨምሩበት። ለመታጠፊያና ለትርፍ 5 ሜትር ያዙ። 30 ሜትር እንኳ አልሞላም። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ወደ ኋላ ብዙ ነገር ይወስናል።

ውፍረት። ወፍራም ኬብል ሰፊ ቱቦ ይፈልጋል። ቱቦን እስከ አፉ መሙላት አይቻልም። ጥሩው ልማድ ከውስጥ ስፋቱ 40 በመቶውን ብቻ መያዝ ነው። ከዚያ ካለፈ ኬብሉ ሲሳብ ይላላጣል ወይም ይወጠራል።

ኤሌክትሪክ መሸከም። ዛሬ ካሜራውም ዋይፋይ ማሰራጫውም ኤሌክትሪኩን የሚያገኙት በዚያው በኔትወርክ ኬብል ነው። ፒኦኢ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 15.4 ዋት ይልካል። የ2009ኙ እስከ 30 ዋት ይደርሳል። በዚህ መንገድ ካሜራው አጠገብ ማከፋፈያ ሶኬት መፈለግ ይቀራል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩና ስዊቹ (ከየክፍሉ የሚመጡትን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) ጋ ያለው አንድ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ቤቱ ውስጥ ያሉትን ማሰራጫዎችና ካሜራዎች ሁሉ በሕይወት ያቆያል።

ወጪ። የካርቶኑን ዋጋ ብቻ አትዩ። ኬብሉን ለመዘርጋት የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ለርካሹም ለውዱም ያው ነው። ግድግዳ መፈልፈል፣ ልስንና ቀለም ሲመጣ ደግሞ የኬብሉ ዋጋ ትንሹ ቁጥር ይሆናል። ብር እየጠቀስኩ አልጽፍም፤ ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከምን ምን እንደሚወደድ መናገሩ ይበቃል።

## መጀመሪያ የሚጣለው፦ ሲሲኤ

ሲሲኤ ማለት ከላይ ስስ መዳብ የተለበሰ አሉሚኒየም ነው። ሱቅ ውስጥ ከመዳቡ ጎን ይደረደራል። ካርቶኑ ላይ «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» ይባላል። ነገር ግን የካት ደረጃዎቹ የሚጠይቁት ሙሉ መዳብ ነው። ስለዚህ ሲሲኤ የሆነ ካት 6 ስሙ እንጂ ካት 6 አይደለም።

ችግሩ ምንድነው? አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን ከመዳብ ባነሰ ያስተላልፋል። በረጅም መስመር ምልክቱ ይደክማል። በፒኦኢ ኤሌክትሪክ ስትልኩበት ይሞቃል፣ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅም ይወርዳል። ቀን ሲሠራ የዋለ ካሜራ ማታ የጨለማ መብራቱ ሲበራ እየጠፋ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ማታ ላይ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፣ ኬብሉ ግን ማድረስ አይችልም። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሶኬቱ ውስጥ የተነከሰበት ቦታም ከጊዜ ጋር ይላላል። የእኛን ቤት የጎዳው ይኸው ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ሦስት መንገድ አለ።

መጀመሪያ መፋቅ። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ጫፉን አስልጡትና አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቁ። መዳብ ከሆነ ውስጡም ቀይ ነው። ሲሲኤ ከሆነ ወዲያው ነጭ ይሆናል። ቆረጥ አድርጋችሁ ጫፉን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ብታዩትም ይታያል።

ሁለተኛው ክብደት። መደበኛ ካርቶን 305 ሜትር ነው። በካት 5ኢ ካርቶን ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ወደ 4.5 ኪሎ ይመዝናል። ፕላስቲኩ ሲጨመር ካርቶኑ ከባድ ነው። ሙሉ ካርቶን በአንድ እጅ ብድግ ብሎ ከተነሣላችሁ ተጠራጠሩ። ወይ አሉሚኒየም ነው፣ ወይ ሜትሩ ጎድሏል። ሜትሩን ለማረጋገጥ ሽፋኑ ላይ በየሜትሩ የሚታተመውን ቁጥር ከሁለቱም ጫፍ አንብቡና ቀንሱ።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም በቁጥር ይናገራል። ተራ መልቲሜትር ይበቃል። የካርቶኑን ሁለት ጫፎች አውጡ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጥንድ ተገምደዋል። በአንዱ ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዙ። በሌላው ጫፍ ያንኑ ጥንድ በኦም ለኩ። ደረጃው የሚፈቅደው ለአንድ ሽቦ በ100 ሜትር እስከ 9.38 ኦም ነው። 305 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 610 ሜትር ነው። ስለዚህ ከ57 ኦም መብለጥ የለበትም። ጥሩ ካት 5ኢ 50 አካባቢ ይሆናል። ካት 6 ሽቦው ወፈር ስለሚል ከዚያም ይወርዳል። 70 እና 80 ካነበባችሁ ካርቶኑን መልሱ።

## ካት 5ኢ፦ ብዙ ሰው የሚንቀው

ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር በሴኮንድ 1 ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ያደርሳል። 100 ሜትሩ የሚቆጠረው እንዲህ ነው፦ 90 ሜትር በግድግዳ ውስጥ፣ ቀሪው 10 ሜትር በሁለቱ ጫፍ ያሉት አጫጭር ገመዶች። ከላይ የለካነው ቤት 30 ሜትር ስላልሞላ ርቀቱ አያሳስብም።

«አሮጌ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ጊጋቢት በመዳብ ላይ እንዲሄድ የሚያስችለው ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዚያው በካት 5ኢ ላይ 2.5 ጊጋቢት በ100 ሜትር የሚልክ ደረጃ ወጣ። ከ20 ዓመት በፊት በመዳብ በደንብ የተዘረጋ ኬብል፣ ግድግዳው ሳይነካ፣ ስዊቹና የኮምፒውተሩ ካርድ ብቻ ተቀይሮ ፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ተኩል ጨመረ ማለት ነው። የብዙዎቻችን የኢንተርኔት ውል ደግሞ ከ1 ጊጋቢት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቀጭን ነው፣ 5 ሚሊሜትር አካባቢ። በቀላሉ ይታጠፋል። ሶኬት ላይ ማሰሩም ለእጅ ይቀናል። በጀት ጠባብ ከሆነ የመዳብ ካት 5ኢ ከሲሲኤ ካት 6 በብዙ ይበልጣል። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሳላመነታ እናገራለሁ።

## ካት 6፦ የእኔ ምርጫ ለአዲስ ቤት

ካት 6 ለ250 ሜጋኸርዝ የተሠራ ነው፣ ካት 5ኢ ግን ለ100፤ ይህ ቁጥር ሲያድግ ኬብሉ የበለጠ ፍጥነት መሸከም ይችላል። ጥንዶቹ ይበልጥ ጠበቅ ብለው ተገምደዋል። በብዙዎቹ ላይ መሐል ለመሐል ጥንዶቹን የሚለይ የፕላስቲክ መስቀል አለ። ይህ አንዱ ጥንድ የሌላውን ምልክት እንዳይረብሽ ያደርጋል።

በ100 ሜትር 1 ጊጋቢት ብቻ ብታስሄዱበት ከካት 5ኢ ጋር ልዩነቱ አይታያችሁም። ልዩነቱ የሚመጣው ወደ 10 ጊጋቢት ስትሄዱ ነው። ካት 6 እስከ 55 ሜትር ድረስ 10 ጊጋቢት መሸከም ይችላል። ብዙ ኬብል በአንድ ላይ ታስሮ ከሄደ ርቀቱ ወደ 37 ሜትር ይወርዳል። አሁን ያንን 30 ሜትር አስታውሱት። በመኖሪያ ቤት ርቀት ካት 6 ዞሮ ዞሮ ባለ 10 ጊጋቢት ኬብል ነው። ከካት 6ኤ የሚለየው ነገር ቤት ውስጥ አይደረስበትም።

ሽቦው ከካት 5ኢ ወፈር ስለሚል ለፒኦኢም ይሻላል። ውፍረቱ ወደ 6 ሚሊሜትር ነው። ይህ በቱቦ ላይ ለውጥ ያመጣል። ከውስጥ 17 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቱቦ አራት ካት 5ኢ ሲይዝ ካት 6 ሲሆን ሦስት ይይዛል። ስለዚህ ካት 6 ልትገዙ ካሰባችሁ ለኤሌክትሪሺያኑ ቱቦ ከመግዛቱ በፊት ንገሩት።

ዋጋው ከካት 5ኢ ይጨምራል። የእጅ ዋጋውና ቱቦው ሲደመር ግን ጭማሪው የጠቅላላውን ወጪ ትንሽ ክፍል ነው የሚሆነው። ግድግዳ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ነው። አዲስ ለሚሠራ ሰው ካት 6 የምለው ለዚህ ነው።

## ካት 6ኤ፣ ካት 7 እና ካት 8

ካት 6ኤ ጥሩ ኬብል ነው። 500 ሜጋኸርዝ፣ 10 ጊጋቢት እስከ ሙሉው 100 ሜትር። ለቢሮ ሕንፃ ትርጉም አለው። ቤት ውስጥ ግን ወፍራምና ደረቅ ነው፤ 7 ተኩል ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። በዚያው ቱቦ ሁለት ብቻ ይገባሉ። በትንሿ የሶኬት ሳጥን ውስጥ ማጠፉ ያስቸግራል። ማሰሩም የተለማመደ እጅ ይፈልጋል። ቪዲዮ የሚያቀናብርና ትልልቅ ፋይል ቀኑን ሙሉ ከማከማቻ የሚያመላልስ ሰው፣ ስቱዲዮውም ከ55 ሜትር በላይ ከራቀ፣ ያኔ ያስቡበት።

ካት 7 ለ600 ሜጋኸርዝ የተሠራ ነው። ግን ዋናው የአሜሪካ የኬብል ደረጃ አውጪ አልተቀበለውም። ሲታሰብም የሚገጠመው እኛ ከምናውቀው የኔትወርክ መሰኪያ ከአርጄ45 ጋር ሳይሆን ከሌላ ዓይነት መሰኪያ ጋር ነበር። አርጄ45 ተገጥሞለት ሲሸጥ ያ ተጨማሪ ዋጋ የሚሰጣችሁ ነገር የለም። ካት 8 ደግሞ እስከ 30 ሜትር 25 እና 40 ጊጋቢት እንዲልክ ለዳታ ማዕከል የተሠራ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ካት 8» የሚል ጠፍጣፋ ገመድ ቢያመጣላችሁ አመስግናችሁ በራውተርና በቴሌቪዥን መካከል ተጠቀሙበት። ግድግዳ ውስጥ አትቅበሩት። ለአጭር ርቀት የሚሠሩት ለስላሳ ገመዶች ለግድግዳ አይሆኑም።

## ፎይል የለበሰው ይሻላል ወይ?

ኤፍቲፒ የሚባለው ኬብል በፎይል ተጠቅልሏል። ውድ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል። ፎይሉ የሚሠራው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ተያይዞ ወደ ግራውንድ ሲወርድ ነው። የቤቱ ግራውንድ በትክክል ካልተሠራ ፎይሉ ጥቅም የለውም፣ ሊረብሽም ይችላል። ለቤት ፎይል የሌለው ዩቲፒ ይበቃል። ዋናው ከኤሌክትሪክ መስመር ማራቅ ነው። የ220 ቮልት ሽቦ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ የኔትወርክ ኬብል በፍጹም አታስገቡ። ይህ ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለነፍስም ነው። መሻገር ካለበት በቀጥታ እንደ መስቀል ይሻገር እንጂ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ አይሂድ።

## ወደ ሰርቪስ ቤቱ፦ ፋይበር

ከዋናው ቤት ተነሥቶ ግቢውን አቋርጦ ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሄድ መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ መዳብ አልመክርም። በክረምት የአዲስ አበባን መብረቅ የምታውቁት ነው። መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወድቅ በሁለቱ ቤቶች ግራውንድ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። የመዳብ ኬብል ያንን ኃይል ይዞ ስዊቹንና ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር መስታወት ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሁለቱ ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይገጠምና ሥራው ያልቃል። ፋይበሩን ጫፉ ፋብሪካ የተሠራለትን ግዙ፤ ያኔ መበየጃ ማሽን ያለው ባለሙያ አትፈልጉም።

የግድ መዳብ ይሁን ካላችሁ ለውጭ የተሠራውን፣ ፀሐይና ውሃ የሚችል ጥቁር ሽፋን ያለውን ግዙ። የቤት ውስጡ ኬብል ፀሐይ ላይ ከዋለ ሽፋኑ ይሰነጣጠቃል።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ፍጥነትና ርቀት | ውፍረት | ውስጡ 17 ሚ.ሜ በሆነ ቱቦ | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ሲሲኤ (የትኛውም ቁጥር) | አስተማማኝ አይደለም | ይለያያል | — | ዝቅተኛ፣ በኋላ ግን ድርብ | ለማንም |
| ካት 5ኢ መዳብ | 1 ጊጋቢት በ100 ሜ፣ 2.5 ጊጋቢትም ይችላል | 5 ሚ.ሜ ገደማ | 4 | ዝቅተኛ | በጀት ለጠበበው፣ ለኮንዶሚኒየም |
| ካት 6 መዳብ | 1 ጊጋቢት በ100 ሜ፣ 10 ጊጋቢት እስከ 55 ሜ | 6 ሚ.ሜ ገደማ | 3 | መካከለኛ | ለአዲስ ቤት |
| ካት 6ኤ መዳብ | 10 ጊጋቢት በ100 ሜ | 7.5 ሚ.ሜ ገደማ | 2 | ከፍተኛ | ለስቱዲዮ፣ ለትልቅ ግቢ |
| ካት 7፣ ካት 8 | ለቤት ከሚያስፈልገው በላይ | ወፍራም | 1 ወይም 2 | በጣም ከፍተኛ | ለቤት አያስፈልግም |
| ፋይበር | ለቤት ከሚበቃው በላይ | ቀጭን | ብዙ | መካከለኛ፣ መሣሪያው ይጨምራል | ከቤት ወደ ሰርቪስ ቤት |

«ለማንም» ያልኩት ለማንም አይሆንም ለማለት ነው። እዚህ ላይ ሆን ብዬ ጠንከር እላለሁ።

## እንደ ቤታችሁና እንደ ኪሳችሁ

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ፣ ልስን ሳይጀመር። ካት 6 መዳብ፣ በቱቦ ውስጥ። እያንዳንዱ መስመር ከክፍሉ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንድ ማእከል ይምጣ። ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀጠለ አይሂድ። ማእከሉ ደረጃ ሥር ወይም ኮሪደር ላይ ያለ ቁም ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ከሚገባበት ቦታ እስከዚያ ድረስም ባዶ ቱቦ ይዘርጋ። ቴሌቪዥን ጋ ሁለት መስመር፣ መኝታ ቤቶች ላይ አንድ አንድ፣ በየፎቁ ኮሪደር ጣሪያ ላይ ለዋይፋይ ማሰራጫ አንድ። 10 መስመር በአማካይ 20 ሜትር ቢሆን 200 ሜትር ነው፤ አንድ ካርቶን ተርፎ ይበቃል። 20 መስመር ከሆነ ግን 400 ሜትር ስለሚመጣ ሁለት ካርቶን ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ካልበቃ። ኬብሉን ተዉትና ቱቦውን ብቻ ቅበሩ። በየቱቦው ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ አስገብታችሁ ሁለቱን ጫፍ እሰሩ። በዓመቱም በአምስት ዓመቱም ኬብሉን በሲባጎው ስባችሁ ታስገባላችሁ። ከሁሉም ምክሮቼ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። የእኛ ቤት ቱቦ ቢኖረው ኖሮ ያ መጥፎ ኬብል በግማሽ ቀን ይቀየር ነበር።

ያለቀ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም። ግድግዳ አትፈልፍሉ። የሚለጠፍ የፕላስቲክ ትራንኪንግ ገዝታችሁ በዞኮሎው ጥግ አስኪዱት። ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። እዚህ ካት 5ኢ መዳብ ቀጭን ስለሆነ ይመቻል። ኮርኒስ ካለ ደግሞ በኮርኒሱ ላይ ማሳለፍ ይቻላል።

ተከራይ ከሆናችሁ። ሜሽ ዋይፋይ (ተያይዘው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩ ማሰራጫዎች) ግዙ፤ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። በሁለቱ ሜሽ መካከል አንዲት ኬብል በበር ሥር ማሳለፍ ከቻላችሁ ፍጥነቱ በጣም ይሻሻላል። በኤሌክትሪክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስተላልፉት መሣሪያዎችም አሉ። ነገር ግን በቤቱ ሽቦ ጥራት ይወሰናሉ። ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ደግሞ ይዳከማሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ተውሳችሁ ሞክሩ።

ካሜራ ዋናው ጉዳያችሁ ከሆነ። ካት 6 መዳብና ፒኦኢ ያለው ስዊች። እዚህ ላይ በብረቱ ጉዳይ ድርድር የለም።

## ሲታሰር

ጥሩ ኬብል በመጥፎ እጅ ይበላሻል። ስምንቱ ሽቦዎች ቅደም ተከተል አላቸው። በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሐል አድርጎ መለያየቱን አያችሁ? አንዳንድ ሰው «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን ቸገረ» ብሎ ቀለሞቹን ጎን ለጎን በየጥንዱ ይደረድራል። በመብራት የሚሠራው ርካሽ ቴስተር ስምንቱንም አብርቶ «ደህና ነው» ይላል። ነገር ግን ምልክቱ እርስ በርስ ባልተገመዱ ሽቦዎች ላይ ስለሚሄድ መስመሩ ይረበሻል።

የተገመደውን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ። ሲታጠፍ የመታጠፊያው ራዲየስ ከኬብሉ ውፍረት 4 እጥፍ አይነስ፤ ለካት 6 ይህ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሲሳብ በጉልበት አይሳብ።

ሲያልቅ ላፕቶፕ ይዛችሁ በየሶኬቱ ሰኩና የግንኙነቱን ፍጥነት አንብቡ። 1000 ካለ ጥሩ ነው። 100 ካለ ከስምንቱ አንዷ ሽቦ አልተነከሰችም ወይም ተሰብራለች፤ 100 ሜጋቢት በሁለት ጥንድ ብቻ ስለሚሄድ መስመሩ የሚሠራ ይመስላል፣ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ስለመጣ ብቻ «ተሠራ» ብላችሁ ቀሪውን ክፍያ አትክፈሉ።

ይህን ፍተሻ ከልስን በፊት አድርጉት፤ ኬብሉ ገና ካልገባ ሲባጎው በየቱቦው እንደሚንቀሳቀስ ሳቡና እዩ። ከዚያ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ በስልክ ፎቶ አንሱ። ቱቦው ከወለሉ ስንት ሴንቲሜትር ላይ፣ ከበሩ ስንት ሜትር ርቆ እንደሚያልፍ ፎቶው ላይ ይነበባል። ለመጋረጃ ወይም ለቴሌቪዥን ግድግዳ ሊበሱ የሚመጡትን ሰዎች ያንን ፎቶ ሳታሳዩ አታስጀምሯቸው።